ማጣሪያው ሲያንጠባጥብ ሜምብሬን ለመግዛት አይቸኩሉ

በሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚሠራ የቤት ውሃ ማጣሪያ የገዛ ሰው ውሎ አድሮ የሚያሰማው ቅሬታ አንድ ዓይነት ነው። ውሃው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አይበቃም። አንድ ጆግ ለመሙላት ደጅ ያስጠናል። ከዚያ በኋላ ያለው ሂደትም የታወቀ ነው። ለሻጩ ይደወላል፤ ሻጩ ቴክኒሺያን ይልካል፤ ቴክኒሺያኑ ክዳኑን ከፈት አድርጎ ካየ በኋላ «ሜምብሬኑ ሞቷል» ይላል። ሜምብሬን በማጣሪያው ውስጥ በየጊዜው ከሚለወጡት ክፍሎች ውዱ ነው። ገንዘቡ ይከፈላል፤ አዲሱ ሜምብሬን ይገባል፤ የችግሩ ምንጭ ሌላ ከሆነ ግን ውሃው እንደ ቀድሞው ማንጠባጠቡን ይቀጥላል።

እዚህ ላይ ያለው ችግር የቴክኒክ ብቻ ሳይሆን የገበያም ነው። በሽታውን የሚመረምረውና መድኃኒቱን የሚሸጠው አንድ ወገን ነው። የኢኮኖሚክስ ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ሁኔታ የመረጃ አለመመጣጠን ይሉታል። ይህ ማለት ሻጭ ሁሉ አጭበርባሪ ነው ማለት አይደለም። ምርመራው ጊዜ የሚወስድና ትርፍ የሌለው፣ ዕቃ መቀየሩ ግን ፈጣንና ትርፍ ያለው በመሆኑ ገበያው ራሱ ወደ መቀየር ያዘነብላል። ሸማቹ ከዚህ የሚድነው ጥቂት ልኬቶችን ራሱ ሲወስድ ነው። ለዚህም የሚያስፈልገው የመጠን መስመር ያለው ጆግ፣ ሰዓትና የጎማ አየር መለኪያ ነው።

ጉዳዩ ከገንዘብ ያልፋል። ከወንጂ እስከ መቂ፣ ዝዋይና ሐዋሳ በሚዘልቀው የስምጥ ሸለቆ አካባቢ በከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ በብዙ ቦታ ከሚፈቀደው መጠን በላይ ነው። በዚያ ለሚኖር ቤተሰብ የማጣሪያው መድከም የልጆች ጥርስና የአጥንት ጤና ጉዳይ ነው። ወደዚህ ነጥብ ወደ ኋላ እንመለሳለን።

ሞተሩ ግፊት ነው

ኦስሞሲስ የሚባለው ተፈጥሯዊ ሂደት ውሃ በስስ ልባስ በኩል ጨው ከሌለበት ወገን ጨው ወዳለበት ወገን የሚያልፍበት ነው። ጨው ባለበት ወገን በቂ ግፊት ሲጫን ጉዞው ይገለበጣል፤ ውሃው ጨውን ወደ ኋላ ትቶ ያልፋል። ሪቨርስ የሚለው ቃል የመጣው ከዚህ ነው። ሐሳቡን ለገበያ ያበቃው ሲድኒ ሎብና ስሪኒቫሳ ሱሪራጃን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1960 አካባቢ በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ሜምብሬን ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ኮሊንጋ የተባለችው የካሊፎርኒያ ከተማ ጨዋማ ውሃዋን በዚህ ዘዴ ማጣራት ጀመረች።

ዛሬ ከሲንክ ሥር የሚገጠመው ዕቃ የዚያው ዘዴ ትንሽ ቅጂ ነው። ውሃው መጀመሪያ ደለል በሚይዝ ፊልተር፣ ቀጥሎ ክሎሪን በሚይዝ የከሰል ፊልተር ያልፋል። ከዚያም ሜምብሬኑ ጋ ይደርሳል። እዚያ ለሁለት ይከፈላል። ንጹሑ ወደ ማጠራቀሚያ ጋን ሲሄድ፣ ጨውና ቆሻሻ የተሸከመው በፍሳሽ ቱቦ ይወጣል። ሰው ቧንቧውን ሲከፍት የሚቀዳው በጋኑ የተጠራቀመውን ነው።

በዚህ ሁሉ መሐል የሚሠራው ኃይል ግፊት ነው። ግፊቱ ሲቀንስ ምርቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ፓምፕ የሌለው ማጣሪያ በደንብ እንዲሠራ ብዙውን ጊዜ 3 ባር ገደማ ግፊት ይፈልጋል።

በካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር

ቅሬታው ትክክል መሆኑን ለማወቅ መጀመሪያ ከዕቃው ምን ያህል ውሃ እንደሚጠበቅ ማወቅ ያስፈልጋል። በሜምብሬኑ ላይ 50፣ 75 ወይም 100 የሚል ቁጥር ይገኛል። ይህ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚመረተው ውሃ በአሜሪካ ጋሎን ሲለካ ነው። 50ው 189 ሊትር፣ 75ቱ 284 ሊትር፣ 100ው 378 ሊትር ገደማ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ቁጥር የተለካው በፋብሪካ፣ በ25 ዲግሪ ሙቀትና ከ3.5 እስከ 4.5 ባር በሚደርስ ግፊት ነው። ውሃ ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፤ በሜምብሬኑ ለማለፍም ይከብደዋል። በግምት አንድ ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ምርቱ ከመቶ 3 እጅ ይቀንሳል። የክረምት ጠዋት የቧንቧ ውሃ 15 ዲግሪ ቢሆን፣ ሜምብሬኑ ምንም ሳይጎድለው ከምርቱ ከመቶ 30 እጅ ያህሉን ያጣል ማለት ነው።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። 75 ቁጥር ያለው ሜምብሬን በፋብሪካው መለኪያ በ10 ደቂቃ ወደ 2 ሊትር ያመርታል። ውሃው 15 ዲግሪ ከሆነ 1.4 ሊትር ይደርሳል። የቤቱ ግፊት ደግሞ የፋብሪካው ግማሽ ቢሆን 0.7 ሊትር ገደማ ይቀራል። ባለቤቱ ዕቃው ከተጻፈበት አንድ ሦስተኛውን ብቻ እየሰጠው ነው፤ ሜምብሬኑ ግን ጤነኛ ነው። 10 ሊትር የሚይዝ ጋን ለመሙላት ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። አዲስ ሜምብሬን ቢገዛም ውጤቱ ያው ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ውሃው አልተመረተም ወይስ አልወጣም?

ምርመራው መጀመር ያለበት ከዚህ ጥያቄ ነው። ሁለቱ በሽታዎች ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው።

ጋኑ ላይ ያለውን ቫልቭ ይዝጉ። የመጠጡን ቧንቧ ከፍተው ለጥቂት ደቂቃ ያፍስሱት። አሁን የሚመጣው ውሃ ከጋኑ ሳይሆን በቀጥታ ከሜምብሬኑ የሚወርድ ነው። ጆግ ደግነው 10 ደቂቃ ይለኩ። ውጤቱን ከላይ ከተሠራው ሒሳብ ጋር ያወዳድሩ።

የተለካው ከሚጠበቀው ጋር የሚቀራረብ ከሆነ ሜምብሬኑ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ችግሩ ያለው ከእሱ በኋላ ነው። ጋኑን ከፍ አድርገው ይሞክሩት። ከብዶዎት ሳለ ቧንቧው የሚያንጠባጥብ ከሆነ ውሃው ጋኑ ውስጥ አለ፤ የሚገፋው አየር ግን የለም። በጋኑ ውስጥ ውሃውን ከአየር የሚለይ ጎማ አለ። ውሃውን ወደ ቧንቧው የሚያወጣው የዚያ አየር ግፊት ነው። አየሩ በጊዜ ብዛት ይተናል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ወደ ማጣሪያው የሚገባውን ውሃ ይዝጉ፤ የጋኑን ቫልቭ ከፍተው ውሃውን በሙሉ ያውጡ። ከጋኑ ጎን ወይም ሥር የመኪና ጎማ ዓይነት የአየር ቫልቭ ይገኛል። ባዶ ሳለ 0.5 ባር፣ በጎማ መለኪያ 7 ገደማ እስኪያሳይ በብስክሌት መንፊያ ይንፉት። ጎሚስታ ጋ የሚወስድ ሰው ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ ለመኪና ጎማ የሚሞላው ግፊት የዚህን አራትና አምስት እጥፍ ስለሆነ የጋኑን ጎማ ሊጎዳ ይችላል። አየር ከመጠን በላይ ከሞላም ለውሃው ቦታ አይተርፍም። ከአየር ቫልቩ ውሃ የሚወጣ ከሆነ ግን ጎማው ተቀዷል፤ ጋኑ መቀየር አለበት።

አየሩ ደህና ሆኖ ውሃው የሚደክም ከሆነ ከጋኑ በኋላ ያለው የመጨረሻው የከሰል ፊልተር ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። እሱን ቀይሮ መሞከሩ ሜምብሬን ከመቀየር በብዙ ይረክሳል።

ሮቶው ስንት ሜትር ከፍታ ላይ ነው?

የተለካው ውሃ ከሚጠበቀው በጣም ያነሰ ከሆነ ችግሩ ከሜምብሬኑ በፊት ወይም ከራሱ ከሜምብሬኑ ነው። በአዲስ አበባ መጀመሪያ መታየት ያለበት የግፊቱ ምንጭ ነው።

በብዙ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ቤተሰቡ የሚጠቀመው ከሮቶ ነው። ሮቶ የሚሰጠው ግፊት በከፍታው ይወሰናል። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ገደማ ይሰጣል። በአንድ ግቢ ውስጥ ሮቶው ከወጥ ቤቱ ቧንቧ በላይ 5 ሜትር ቢሆን ግፊቱ ግማሽ ባር ነው። ፓምፕ የሌለው ማጣሪያ የሚፈልገውን 3 ባር ለማግኘት ሮቶው 30 ሜትር፣ ማለትም የዘጠኝና የአሥር ፎቅ ያህል ከፍታ ላይ መቀመጥ አለበት።

በኮንዶሚኒየምም ሒሳቡ ያው ነው። ሮቶው ጣራ ላይ ከሆነ አራተኛ ፎቅ ያለው ነዋሪ ከሮቶው በታች የሚገኘው በጥቂት ሜትር ነው። ምድር ቤት ያለው 15 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል 1.5 ባር ገደማ ያገኛል። ከአንድ ሱቅ በአንድ ቀን የተገዙ ሁለት ማጣሪያዎች አንዱ ምድር ቤት ዝግ ብሎ ሲሠራ፣ ሌላው ፎቅ ላይ ጭራሹኑ ሊቆም ይችላል። ጥፋቱ የዕቃው አይደለም። መፍትሔው ሜምብሬን ሳይሆን ለማጣሪያ ተብሎ የተሠራ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ መጨመር ነው።

ፓምፕ ያላቸው ማጣሪያዎች የራሳቸው ችግር አላቸው። መብራት ሲጠፋ ማምረት ያቆማሉ፤ ከጋኑ የሚቀዳው ቀድሞ የተጠራቀመው ብቻ ነው። ፓምፑ ድምፅ እያሰማ ምርቱ ከወረደ በውስጡ ያለው ጎማ አልቆ ሊሆን ይችላል። ፓምፑ እየሠራ በፍሳሽ ቱቦው ብዙ ውሃ የሚንዶለዶል ከሆነ ደግሞ ሜምብሬኑን የሚያጥበው ቫልቭ ተከፍቶ ቀርቷል፤ ግፊቱ በዚያ በኩል እየፈሰሰ ነው።

ደለል

ግፊቱ ደህና ከሆነ ቀጥሎ የሚታዩት ፊልተሮቹ ናቸው። ውሃ ለቀናት ጠፍቶ ሲመለስ በመስመሩ ውስጥ የተቀመጠውን ዝገትና ጭቃ ይዞ ይመጣል። የመጀመሪያው ፊልተር ይህን ሁሉ ሲውጥ ይዘጋል። አምራቾች ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ያገለግላል ቢሉም ደፍራሽ ውሃ ባለበት ሰፈር ከዚያ በፊት ሊያልቅ ይችላል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ፓምፕ ካለው ሶኬቱን ይንቀሉ። ወደ ሜምብሬኑ የሚገባውን ቱቦ ነቅለው ባልዲ ውስጥ ያድርጉና ውሃውን ይክፈቱ። ማጣሪያው ከመነሻው በሚያገኘው ውሃና ከፊልተሮቹ በኋላ በሚመጣው መካከል ትልቅ ልዩነት ካለ ፊልተሮቹ ተዘግተዋል። የቧንቧ ውሃ ጨለጥ እንዳደረገ እንዲፈስ ብሎ ቱቦውን ከፊልተሮቹ ውጭ በቀጥታ ከሜምብሬኑ ጋር ማገናኘት ግን ትልቅ ጥፋት ነው። በአሁኑ ጊዜ የሚሸጡት ሜምብሬኖች ክሎሪን አይችሉም። ክሎሪን ልባሱን ሲበላው ምርቱ ይጨምራል፤ ባለቤቱም ማጣሪያው የዳነ ይመስለዋል። የሚጠጣው ግን ያልተጣራ ውሃ ነው።

ከዚህ ጋር የፍሳሽ ቱቦውን መለካት ይጠቅማል። በተለመደው ዕቃ ለ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 3 ወይም 4 ሊትር ይፈስሳል። በፍሳሹ በኩል ምንም የማይወጣ ከሆነ በቱቦው ላይ ያለችው ሪስትሪክተር የምትባል ማጥበቢያ ተደፍናለች፤ ቆሻሻው መውጫ ስላጣ ሜምብሬኑ ላይ ይጋገራል። በአንጻሩ ፍሳሹ ከንጹሑ 10 እጥፍ ከሆነ ግፊቱ አንሷል፣ ማጥበቢያዋ ሰፍታለች፣ ወይም ሜምብሬኑ ደክሟል። ውሃ በፈረቃ በሚታደልበት ከተማ ይህ ልኬት በቀጥታ ከሮቶው ላይ የሚቀነስ ሒሳብ ነው። ፍሳሹን በባልዲ አጠራቅሞ ለወለል ማጠቢያና ለመጸዳጃ ማዋል ብክነቱን ይቀንሳል።

ሜምብሬኑ መቼ ነው የሚፈረድበት?

ግፊቱ ተለክቶ በቂ ከሆነ፣ ፊልተሮቹ አዲስ ከሆኑ፣ ቅዝቃዜው በሒሳብ ከገባና ጆጉ አሁንም ከሚጠበቀው ከግማሽ በታች ካሳየ ያኔ ሜምብሬኑን መጠርጠር ይገባል። ሁለትና ሦስት ዓመት ካገለገለ መቀየሩ ተገቢ ነው። በተለይ ከጉድጓድ የሚመጣና ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚተው ውሃ ሜምብሬኑን በኖራ ይሸፍነዋል። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ውሃ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች ከሚመጣው ይልቅ ማዕድን ስለሚበዛበት፣ የሁለት ሰፈር ሰዎች የሜምብሬን ዕድሜ አንድ ላይሆን ይችላል።

ሌላው ማረጋገጫ በውሃ ውስጥ የሟሟውን ማዕድን ጠቅላላ መጠን የሚለካው እስክሪብቶ መሰል መሣሪያ ነው። ከቧንቧው 300 አሳይቶ ከማጣሪያው በኋላ 30 ወይም ከዚያ በታች ካሳየ ልባሱ አልተቀደደም። ውሃው አንሶ ቁጥሩም ከፍ ካለ ግን ነገሩ ይከፋል።

ይህ ወደ ስምጥ ሸለቆው ይመልሰናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የሚመክረው የፍሎራይድ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በደንብ የሚሠራ ሜምብሬን ብዙውን ጊዜ ከፍሎራይዱ ከመቶ 85 እስከ 95 እጁን ያስቀራል። በጉድጓዱ ውሃ ውስጥ በሊትር 10 ሚሊግራም ቢኖር፣ 90 እጁ ሲቀር የሚጠጣው 1 ሚሊግራም አለበት፤ ከጣሪያው በታች ነው። ማጣሪያው ደክሞ 80 እጁን ብቻ ቢያስቀር ግን 2 ሚሊግራም ይሆናል፤ ከጣሪያው አልፏል።

የግፊት ማነስ ጉዳት እዚህ ላይ ጎልቶ ይወጣል። ግፊት ሲቀንስ በሜምብሬኑ የሚያልፈው ውሃ ይቀንሳል፤ ሾልኮ የሚያልፈው ጨው ግን እምብዛም አይቀንስም። በመሆኑም የሚያንጠባጥብ ማጣሪያ የሚሰጠው ውሃ ትንሽ ብቻ ሳይሆን ንጽሕናውም የወረደ ነው። ፍሎራይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በማፍላትም አይወጣም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን መጠኑ ከፍ ይላል። እስክሪብቶ መሰሉ መሣሪያም ፍሎራይድን ለይቶ አያሳይም። በዚያ አካባቢ ማጣሪያ የገጠመ ቤተሰብ ውሃው ያነሰ ዕለት የማጣሪያውን ውሃ በላቦራቶሪ ቢያስመረምር ይበጀዋል። በተለይ ጥርሳቸው ገና በመሠራት ላይ ያሉ ሕፃናት ባሉበት ቤት ይህ ለነገ የሚባል አይደለም። ፍሳሹ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ከመጀመሪያውም ስለሚበልጥ ለምግብ ማብሰያ መዋል የለበትም።

ከመግዛት በፊት

ከሁሉም የሚረክሰው ምርመራ ዕቃው ከመገዛቱ በፊት የሚደረገው ነው። ሸማቹ ሱቅ ውስጥ ሳለ ሦስት ጥያቄዎችን ቢያነሳ ኋላ ከሚመጣው ጣጣ አብዛኛውን ያስቀራል።

አንደኛ፣ ዕቃው በስንት ባር ግፊት ነው የሚሠራው? ፓምፕስ አለው? መልሱን ከቤቱ ግፊት ጋር ማስተያየት ነው። ከመስመር ውሃ የሚጠቀም ሰው የቧንቧ ሠራተኛ የግፊት መለኪያ ገጥሞ እንዲያይለት ማድረግ ይችላል፤ ከሮቶ የሚጠቀም ደግሞ ከፍታውን በሜትር ለክቶ ለ10 ያካፍል።

ሁለተኛ፣ የተጻፈው የምርት መጠን በስንት ዲግሪና በስንት ባር የተለካ ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ሻጭ ዕቃውን የሚያውቅ ሻጭ ነው።

ሦስተኛ፣ መለዋወጫው ሌላ ሱቅ ይገኛል? የተለመዱት ፊልተሮች 10 ኢንች ርዝመት ያላቸው ሲሆኑ፣ ሜምብሬኖቹ ደግሞ 1812 ወይም 2012 የሚል የመጠን ቁጥር አላቸው። እነዚህን የሚቀበል ማጣሪያ መለዋወጫውን ከማንኛውም ነጋዴ አወዳድሮ ለመግዛት ያስችላል። ለአንድ ድርጅት ብቻ ተብሎ በተሠራ ፊልተር የሚሠራ ዕቃ ግን ሲገዛ ቢረክስም ገዥውን ከዚያ ሻጭ ጋር ለዓመታት ያስተሳስረዋል። ዋጋ ሲወደድ ወይም ዕቃው ከገበያ ሲጠፋ መውጫ የለም።

ማጣሪያው አዲስ በተገጠመ ሳምንት በ10 ደቂቃ ስንት እንዳመረተ፣ ስንት እንዳፈሰሰና ቀኑ መቼ እንደሆነ ጽፎ ሲንኩ ሥር መለጠፍም ይጠቅማል። ያ ወረቀት ካለ ከዓመት በኋላ ለሚመጣው ቴክኒሺያን የሚቀርበው ጥያቄ «ምን ሆነብኝ?» አይሆንም፤ «በ10 ደቂቃ ከ1.4 ሊትር ወደ 0.6 የወረደው ለምንድን ነው?» ይሆናል። ለእንዲህ ያለው ጥያቄ «ሜምብሬኑ ሞቷል» ብቻውን በቂ መልስ አይደለም።